የሁዳዴ ቅቤ

ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ አውራ ጣቴ አልወጣም። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣች። ግቢ እንኳ ሳልላት የገዛችውን ቅቤ ከላስቲኩ ፈትታ፣ «እስቲ እትዬ ዘነበች፣ ይጫኑልኝ» አለችኝ። ተጫንኩላት። ደህና ቅቤ ነው፣ ድርቆሽ የበላች ላም ቅቤ ነው አልኳት። «ተወድዶብኝ ይሆን?» ስትል ግን በሩን አሳየኋት። በዋጋ ነገር ሰው ከራሱ ጋር ይጣላ።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ወተት ውስጥ ነው። በደብዳቤ ላይ «የወተት ጥራት ባለሙያ» ይሉኝ ነበር። የመሐል ሜዳ ሰው ግን «ወተት አሽታቿ» ብሎ አሳጠረው። አንዳንዱ ሊሰድበኝ ፈልጎ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራዬን ከደብዳቤው ይልቅ በደንብ ስለገለጸልኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ደሞዙ ደሞዝ ነበር፣ ወረቀቱም ወረቀት ነበር። ስለ ሁለቱ ብናገር አንባቢዬ ያንቀላፋል። የምናገረው ላም የበላችው ነገር ቅቤዋን እንዴት እንደሚለውጥ፣ በዚህም ምክንያት አንዲት ሴት ስሟን ልታጣ ምን ያህል እንደቀራት ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት መርሐቤቴ ነበር፣ ከዓለም ከተማ አለፍ ብላ ባለች አንዲት የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ። ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ስለነበር አፌ ከእጄ ይቀድማል። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሞላሌ ተወልደው ያደጉ፣ የመንዝን ብርድ እስከ ቆላ ይዘውት የወረዱ ይመስል በጠራራ ፀሐይ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። አንዲት ገበሬ መጥታ ወተቱ ቀጠነብኝ ብትላቸው፣ ሌላዋ ስንጥ ብውል ቅቤው አልወጣ አለኝ ብትላቸው፣ ሦስተኛዋ እርጎው ሸተተብኝ ብትላቸው፣ መልሳቸው አንድ ጥያቄ ነበር።

«ምን በላች?»

ላሟን ማለታቸው ነው። ልማድ ሆኖባቸው ለሰውም ይሉት ነበር። አንድ ቀን አለቃቸው ከወረዳ ስልክ ደውሎ ሲቆጣባቸው ቆይቶ ሲዘጋ፣ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይሄ ደግሞ ዛሬ ምን በላ?» አሉኝ። እስከ ማታ ስቄያለሁ።

ሁለት ልማዶች ከእሳቸው ወስጃለሁ። አንደኛው የመስኮቱ ነው። በቢሯቸው የመስኮት ደፍ ላይ ከየላሙ የመጣ ቅቤ፣ ዋልያ ሳሙና ቆርጠው እንዳስቀመጡት ያህል ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይደረድሩታል። ጠዋት ብርድ እንዳለ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጉታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ እንደገና ይጫኑታል። እኔንም እያስጫኑ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የገለባ፣ የትኛው የሣር፣ የትኛው የፋጉሎ ቅቤ እንደሆነ ያስገምቱኝ ነበር። ስሳሳት አይቆጡም። «ጣትሽ ገና እንግዳ ነው» ብቻ ይላሉ።

ብዙ ሰው ቅባት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። በወተት ውስጥ ያለው ቅባት ግን ድብልቅ ነው፤ ቶሎ የሚረጋ አለበት፣ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት የሚወድም አለበት። የሚረጋው ሲበዛ ቅቤው ጠንካራ ይሆናል፣ የሚፈሰው ሲበዛ ደግሞ ጣት ያሰምጣል። ገለባና ድርቆሽ የምትበላ ላም ቅቤዋ ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ለምለሙን ሣር ስትግጥ ቅቤው ቢጫ ይሆናል፣ ለስለስም ይላል። እህል አብዝተው ገለባውን የነሷት ላም ወተቷ ላይ ያለው ቅባት ራሱ ያንሳል፤ ሆዷ ደህና የሚሠራው የምታመነዥከው ነገር ስታገኝ ነውና። ኑግ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ የእነዚህም ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው፣ ሲበዛባት ደግሞ፣ ሆዷ ከዘይቱ የቻለውን ያህል ለውጦ ያረጋዋል፣ ያልቻለው እንዳለ ወደ ግቷ ያልፋል። ያኔ ቅቤው ይላላል። ኮሌጅ ይህን በረዣዥም ስሞች አስተምረውኝ ነበር፤ ጋሽ ደምሴም ረዣዥሞቹን ስሞች ከእኔ የበለጠ ያውቋቸዋል፣ ግን ገበሬ ፊት አይጠሯቸውም።

ሁለተኛው ልማዳቸው የሰው ቤት በጓሮ በኩል መግባት ነው። «በፊት ለፊት ከገባሽ የምታይው የሚያሳዩሽን ነው» ይሉኛል። «ገንዳ ይታጠባል። ጓሮን ግን ማን ያጥበዋል? የሚደፋውን አይተሽ ቤቱ የሚበላውን ትደርሺበታለሽ።» በዚህ ልማዳቸው አንድ ቀን ውሻ ካፖርታቸውን እስከ ወገብ ቀደደባቸው። አሰፍተው ለበሱት እንጂ ልማዳቸውን አልተዉም።

መስከረም ላይ አዲስ የመጣ አለቃ የገበሬዎቹን ቢጫ ቅቤ አይቶ «እርድ ነስንሰውበታል» ብሎ ሊያግድ ሲነሣ፣ ጋሽ ደምሴ ምንም ሳይከራከሩ ክንዱን ይዘው ሜዳው ድረስ ወሰዱት። ላሞቹ ጉልበታቸው ድረስ ሣር ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። «እርዱ ይኸውልዎ» አሉት። አለቃው ሳቀ፣ ነገሩም በሳቅ አለቀ። ያን ጊዜ የቅቤ ክስ ሁሉ እንዲህ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ከመርሐቤቴ ወደ ሞላሌ፣ ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ተዛወርኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። ስብሰባ የሚወድ ነበር፣ ማኅተም የሚወድ ነበር፣ አንዱማ ላም ይፈራ ነበር፤ የእንስሳት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኖ በረት በር ላይ ቆሞ «ታስራለች?» እያለ ይጠይቃል። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ሞላሌ ገቡ፣ እዚያው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሚቀጥለውን ታሪክ እሳቸው ቢሰሙት ኖሮ በጣም ይስቁብኝ ነበር።

መሐል ሜዳ ላይ ላም ያላቸው ሴቶች ማኅበር አላቸው። በፍስክ ወተታቸውን ለካፌዎቹ ያስረክባሉ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ወተት ጠጪ የለውም፣ ላም ደግሞ ጾም ነው ብላ መታለቧን አታቆምም። ስለዚህ ሁሉም በየቤቱ ያረጋል፣ ይንጣል፣ ቅቤውን በየባልዲው አድርጎ ለማኅበሩ ያመጣል። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ እየመጡ ይወስዱታል። ለፋሲካ ልብስም ዶሮም የሚገዛው በዚያ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ሁሉ ቅቤ ሲናጥ፣ ሲታጠብ፣ ሲመዘን፣ ማንም ወደ አፉ አያደርሰውም። የናጠችው ጾመኛ ናት። የምትረከበው ጾመኛ ናት። ጥራቱን የምመረምረው እኔም ጾመኛ ነኝ። እጃችን እስከ ክርን ቅቤ ሆኖ ምላሳችን አያውቀውም። ጣታቸውን ሳይልሱ አይቀሩም የሚል ሰው ካለ መንዝን አያውቅም። ስለዚህ በሁዳዴ ቅቤ የሚዳኘው በጣትና በዓይን ብቻ ነው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ብርቄ ናቸው። ማኅበሩን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፣ ያለ እሳቸውም ገና ድሮ ይበተን ነበር። ቀጥ ያሉ፣ የሰው የማይነኩ፣ የራሳቸውን የማያስነኩ፣ ምላሳቸው ግን ከምላጭ የማይተናነስ ሴት ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፋቸው አይጠፋም።

ከአባላቱ አንዷ የሺ ናት። ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ምሳ የሚበሉባት በአብዛኛው እንደኔ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችና አስተማሪዎች ናቸው። ዳልቻ የምትላት አንዲት ዲቃላ ላምም አለቻት። ከምግብ ቤቱና ከዳልቻ በምታገኘው ሁለት ሴት ልጆቿን ደብረ ብርሃን ታስተምራለች። ዝምተኛ ናት። የቅቤ ባልዲዋ መያዣ ላይ ቀይ ክር ታስራለች፣ ከሌላው እንዲለይ።

የዚያን ዓመት በመጻጉዕ ሰሞን ሐጂ ሰይድ አንድ ባልዲ አንጠልጥለው ተመልሰው መጡ። የማኅበሩ ሴቶች ቅቤ ለማስረከብ ተሰብስበው ነበር፣ እኔም ነበርኩ። ባልዲው ቀይ ክር አለበት።

«የሌላው ሁሉ እንደቆመ ገብቷል» አሉ ሐጂ። «ይሄኛው ደብረ ሲናን ስንወርድ ላላ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እንደ ወጥ ተንቦጫረቀ። እኔ ሰው አልከስም። ግን ይህን ለደንበኛ ብሸጥ ዘይት ቀላቀለ የምባለው እኔ ነኝ።»

ዘይት የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ የሚመልሰው ጠፋ። በየከተማው ቅቤ ከምን ከምን ጋር እየተደባለቀ እንደሚሸጥ ሁሉም ሰምቷል። እትዬ ብርቄ ባልዲውን ተቀብለው ጣታቸውን ሰደዱበት። መንዝ ብርድ ላይ ረግቶ የነበረ ቢሆንም እንደ ሌላው አልነበረም፤ ጣታቸው ገባ።

«ቤትሽ በጀሪካን ዘይት አለ» አሏት የሺን።

«የጾም ምግብ ነው የምሠራው፣ ያለ ዘይት በምን ላቁላላ?» አለች የሺ። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «በማርያም ስም፣ ዘይት አልጨመርኩበትም» አለች።

«ታዲያ ዘይቱ በእግሩ ሄዶ ገባ?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እትዬ ብርቄ ቀዩን ክር ከባልዲው መያዣ ፈትተው ለየሺ በእጇ ሰጧት። እስከ ሆሣዕና ንጽሕናዋን ካላሳየች ከማኅበሩ ትወጣለች ተባለ።

ነገሩ ማኅበሩ ላይ ቢቆም ባልከፋ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሰማ። ምሳ የሚበሉባት ሰዎች መጀመሪያ ቀለዱባት፣ ከዚያ ቀሩባት። ቅቤ ላይ ዘይት የምትጨምር ሴት ሽሮዋ ላይ ምን ትጨምር ይሆን ተብሎ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የየሺ ስም ግን እሷ በሕይወት እያለች ሊቀበር ነበር። ልጆቿም ለፋሲካ ሲመጡ የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

እኔ ወሬውን አላመንኩባትም። ግን ማመንና ማሳየት ሁለት ናቸው። ቢሮ ያለው መሣሪያዬ ወተቱ ላይ ቅባት ስንት እንዳለ ይነግረኛል፤ በአሲድ አቃጥለን፣ አሽከርክረን፣ ከላይ የተንሳፈፈውን እናነባለን። የቅባቱን ዓይነት ግን አይነግረኝም። የየሺ ወተት ላይ ቅባቱ ከሌላው አንሶ አልተገኘም። ዓይነቱን የሚለይ ቤተ ሙከራ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ናሙና ተልኮ መልስ እስኪመጣ ዳግማ ትንሣኤ ያልፋል።

ስለዚህ የጋሽ ደምሴን ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። ምን በላች? የሺ፣ «ገለባና ድርቆሽ፣ አንዳንዴ ፉርሽካ» አለችኝ። የሁሉም መልስ ይኸው ነው። በጓሮም ገባሁ። አመድና እበት ብቻ፣ ጥርግርግ ያለ ጓሮ። እጄን አጣጥፌ ወጣሁ።

ከዚያ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። ቅቤው ይቀመስ! ዘይት የገባበት ቅቤ ለምላስ አይሰወርም። እኛ ጾመኞች ብንሆን ሐጂ ሰይድ ሁዳዴ የለባቸውም። ሄጄ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ረስተሽው ነው እንጂ ረመዳን እኮ ነው» አሉኝ።

እውነትም በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። ከተማው ውስጥ ቅቤ የሚቀምስ ትልቅ ሰው በቀን ብርሃን አይገኝም። ፀሐይ እስክትገባ እንጠብቅ ተባባልን። እትዬ ብርቄ፣ የሺና እኔ በሐጂ የመሐል ሜዳ መጋዘን በር ላይ ቆመን ሰማዩን ስናይ ላየን ሰው መንዝ የሰለመች ይመስል ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሐጂ በቴምር አፈጠሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ከዚያ ከየሺ ቅቤ በማንኪያ ጫፍ ወስደው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ቆዩ። እንደገና ወሰዱ።

«በጾም አፌ አልዋሽም» አሉ በመጨረሻ። «የሱፍ ጠረን አለበት። ስስ ነው፣ ግን አለበት።»

ላወጣት ገብቼ እኔው ነኝ ገደል የከተትኳት። እስከዚያ ቀን ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን ምስክር ተገኘበት፣ ምስክሩንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለው ሄዱ። አህያዪቱ የሺ፣ ባሏ እኔ መሆኔ ነው። የሺ ግን አላለቀሰችም፣ እኔንም አልወቀሰችም። «ይተዉት እትዬ ዘነበች» አለችኝ። «ላሚቱን ለፋሲካ ገበያ አወጣታለሁ።» ይህ ነው ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ። ለሰው ደህና አስቤ እንዲህ ያበላሸሁበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ምሳዬን እሷ ጋር ብቻ መብላት ጀመርኩ። ሌላ የማደርግላት ስላጣሁ ነው፤ ደግሞም ያ ሁሉ ሰው ሲርቃት እልህ ያዘኝ። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ገባሁ። ቤቱ ጭር ብሏል። የሱፍ ፍትፍት አዘዝኩ። የጓዳው በር ክፍት ስለነበር የሺን ከተቀመጥኩበት አያታለሁ። የተወቀጠውን ሱፍ በውኃ በጥብጣ በወንፊት ታጠልለዋለች፣ በእጇ ጭምቅ አድርጋ የቀረውን አሠር ባልዲ ውስጥ ትጥለዋለች። ባልዲው ከዚያ በፊትም ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሱፍ አሠር፣ የተልባ ንፊት፣ የኑግ ዝቃጭ። እንጀራው ቀረበልኝ፣ እጄን ሰደድኩ፣ ግን አልጎረስኩም።

«የሺ፣ ያ ባልዲ የት ነው የሚሄደው?»

«ለዳልቻ ነዋ» አለች። «ጾም ከገባ እሷም ከእኛው ማዕድ ነው የምትበላው። አንዲት ፍሬ አላስጥልም።»

«ምን በላች ብዬ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

ገርሟት አየችኝ። «የጠየቁኝ ስለ መኖዋ ነው እኮ። ይሄ መኖ ነው እንዴ? የሰው ትራፊ ነው።»

እኔም ያን ንጹሕ ጓሮ አስታወስኩ። ምግብ ቤት ያለው ሰው ጓሮ እንዴት ባዶ ይሆናል? ጋሽ ደምሴ ቢሆኑ ያን ባዶ ጓሮ ሲያዩ እዚያው ይቆሙ ነበር። እኔ የተደፋ ነገር ስፈልግ አለመደፋቱን ሳላይ ወጣሁ። ነገሩ አሁን ግልጽ ሆነልኝ። በሌላው ቤት ሁዳዴን ሽሮና ምስር ነው የሚበዛው፣ ሱፍና ተልባ አንዳንድ ቀን ነው። የሺ ግን ለከተማ ሠራተኛ በየቀኑ ታጠልላለች፤ ዘይቱ ገና ያልወጣለት አሠር በባልዲ በባልዲ ለአንዲት ላም ይገባል። የሐጂ ምላስም እውነቱን ነበር የተናገረው። ሱፉ ቅቤው ውስጥ አለ። የገባው ግን በላሟ በኩል ነው። እየሳቅኩ ጎረስኩ። ጾሙን ሁሉ እኔና ዳልቻ ከአንድ ወንፊት ስንበላ ከርመናል።

ማኅበሩን አሰብስቤ ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ላም የበላችው እንዲህ ግቷ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ገለባ የበላችው ገለባ ትታለብ ነበራ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ፣ ጥሩ አባባል ነበርና።

«እንግዲያው ባልዲውን ለእርስዎ ላም እንስጠው» አልኳቸው። «የእርስዎ ድርቆሽ ደግሞ ለዳልቻ ይሂድ። ሁለት ሳምንት። ከዚያ እዚሁ በሁላችን ፊት ይናጥ።»

እሳቸውን የመረጥኩበት ምክንያት ነበረኝ። የእትዬ ብርቄ ቅቤ በማኅበሩ የታወቀ ጠንካራ ነው፣ እሳቸውንም ዘይት ጨመሩ ብሎ የሚያስብ ሰው ከመንዝ እስከ ግሼ አይገኝም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝና፣ «ይሁን» አሉ። «የኔ ላም ምንም ብትበላ ቅቤዋ ድንጋይ ነው።»

የሺ በየቀኑ ማታ ማታ ባልዲዋን ተሸክማ እትዬ ብርቄ ግቢ ትሄዳለች፣ ድርቆሽ ተሸክማ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ባልዲው ይቀመጣል፣ ድርቆሹ ይነሣል። በኋላ እትዬ ብርቄ ማማረር ጀመሩ። ላማቸው ባልዲውን ለምዳ፣ የየሺን ኮቴ ስትሰማ ማግሳት ጀመረች፣ ገለባ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች አሉ። «ላሜን አባለግሽብኝ» ብለው ለየሺ ሲነግሯት የመጀመሪያው ወሬያቸው እሱ ሆነ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ላም ሁሉ እኩል አትለወጥም። የዳልቻ ቅቤ በድርቆሽ ካልጠነከረ የሺ አለቀላት፣ ለዚህም ሁለተኛ ጊዜ ምክንያቱ እኔ ነኝ።

ከኒቆዲሞስ በኋላ በእትዬ ብርቄ ግቢ ተሰበሰብን። ሐጂ ሰይድም መጡ። የሁለቱ ላሞች እርጎ በሁለት ቅል ተናጠ። የወጣው ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በሁለት ሳህን ተደረገና ሁለቱም ከግንቡ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም የምጨርስበትን ቦታ መርጫለሁ። ሐጂ ሰይድ የዚያን ዓመቱን ለስላሳ ቅቤ ቆላ ሳያወርዱ እዚሁ ለጸጉር እንዲሸጥ መከሩ፤ ለራስ ቅቤ የሚላላው ይሻላል፣ ቶሎ ይገባል። ሙሽራ ያላቸው ሰዎች ተሻሙበት። የሺ በሁዳዴ ባልዲዋን አሁን ለአህያዋ ነው የምትሰጠው። ምግብ ቤቷ ሞልቷል፣ ልጆቿም ተመርቀዋል። ዳልቻ አርጅታለች፣ አልተሸጠችም። በማኅበሩ የላላ ቅቤ ሲመጣ ደግሞ ማንም ስለ ዘይት አያነሣም፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ላሟ የበላችው ነው፣ ቀጥሎም ከቤቱ ምን እንደተረፈ። ጡረታ ስወጣ ይህን ትቼ በመውጣቴ ደስ ይለኛል። መሸኛ ጋቢም ሰጥተውኛል፣ እሱም ደህና ነው።

አሁን ወደ ግቢው ልመለስ። ፀሐዩ ሁለቱን ሳህኖች ካሞቃቸው በኋላ እትዬ ብርቄ ተነሡ። መጀመሪያ የየሺን ቅቤ ተጫኑ። አውራ ጣታቸው ላይ ላዩን ዳሰሰው እንጂ አልገባም። ከዚያ የራሳቸውን ተጫኑ። ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ሥር ሰመጠ። ሲያወጡት ቅቤው አብሮ ተስቦ መጣ። ሐጂ ሰይድ ጎንበስ ብለው፣ «ማሽተት ጾም አይፈታም» ብለው አሸተቱት። «ሱፍ ነው» አሉ።

ያን ቀን በየሺ ላይ አንገታቸውን የነቀነቁት ሴቶች አሁን መሬት መሬት ያያሉ። ማንም አልጠረጠራቸውም። እትዬ ብርቄ ግን ቅቤ የነካውን ጣታቸውን እንደያዙ ወደ እያንዳንዳችን ፊት አዩ። በዕድሜያቸው የሰው ነገር ነክተው አያውቁም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«በማርያም ስም» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ዘይት አልጨመርኩበትም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ብርቄ» አለቻቸው የሺ።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ እጃቸውን ለየሺ ዘረጉ፣ ያን ቀይ ክር እንድትሰጣቸው። የሺ ከቀሚሷ ኪስ አወጣችው። እትዬ ብርቄ ራሳቸው በየሺ ባልዲ መያዣ ላይ አሰሩት፣ ጣታቸው ቅቤ ስለነበር ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ሾለከባቸው፣ በሦስተኛው ያዘ።